የሐኪም ጾም

ዳንግላ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ኮረኮንች መንገድ፣ ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣ እንግዳ «ሰፊዋ ፋና የት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ ሕፃን ልጅ እንኳ እጁን ቀስሮ ያሳየዋል። ተረበኞቹ ግን መጀመሪያ ይስቃሉ። «ሰፊ» ላላ ሲል ሙያዋ ነው፤ ጠበቅ ሲል ደግሞ ገላዋ። ሁለቱንም ናት፣ ምን ይደረግ! እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። «አጥብቀህም ጥራኝ አላልተህም ጥራኝ፣ ብቻ ጨርቁን ወዲህ በል» ብላ ከእነሱ በላይ ትስቃለች። ስትስቅ የተቀመጠችበት አግዳሚ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ሰው መቼም ሳቅ ካየ ደስታ ይመስለዋል። ፋና ሜትሯን ከአንገቷ አታወርድም፤ የሙሽራ ወገብ ስትለካ አንዴ ጣል፣ ሳብ አድርጋ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺንስ ባልሽ በሁለት መዳፉ ይጨብጥሻል!» ትላለች። ቤቱ ጭር ሲል ግን በሩን ገርበብ ታደርግና ያንኑ ሜትር በራሷ ወገብ ላይ ታዞረዋለች። አይገጥምም። ሁለቱ ጫፎች ሆዷ ላይ ተፋጠው ይቀራሉ። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባሏ ይኸነው የድንች ነጋዴ ነው፤ ከእንጅባራና ከግምጃ ቤት ዙሪያ እየሰበሰበ በአይሱዙ ይጭናል። ደግ ሰው ነው፣ ይህንን ማንም አይክደውም። ግን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሚስት ከወፈረች ቤት ሞላ ማለት ነው ብሎ ያምናል። ሠርግ ላይ አብረው ሲገቡ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። የዛሬ ሁለት ዓመት ፋና «እኔስ መክሳት አማረኝ» ብትለው ደንግጦ «ማን ምን አለሽ? ሴት ስትከሳ እኮ ጎረቤት የሚያማው ባሏን ነው!» ነበር ያላት። ማታ ማታ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ትራስ ደርድራ ቁጭ ብላ እንደምታነጋ፣ ጉልበቷ ከአልጋ እስከ በር እንኳ እንደሚያስለቅሳት ያየው ቀስ እያለ ነው። ካየ በኋላ ግን አልሰነፈም።

የፋና ሕመም ጉልበት ብቻ ቢሆን በተሻለ። ሕመሟ እናቷ ናት።

እናቷ ስሜነሽ የምትኖረው ከጥሊሊ በላይ፣ መኪና ሽታው በማይደርስበት ተራራ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወርደህ ድልድዩን ትሻገርና ከዚያ ዳገት ነው፤ ለጤነኛ እግር የግማሽ ቀን መንገድ። ፋና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ለይኸነው ተድራ የወረደችው በዚሁ መንገድ ነው፣ ያኔ ፈረሱ እንኳ ሰው መጫኑ የታወቀው አይመስልም ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ታናሽ ወንድሟ ወገኔ ያንን የመሰለ ፈረስ ጭኖ ጥሊሊ ድረስ መጣላት። አራት ሰው ደግፎ አወጣት። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ፤ የኮርቻው ጠፍር ተበጠሰ፤ ፋና በገበያተኛው ፊት ጭቃ ላይ ዘጭ አለች። ከሳቁት ይልቅ ያልሳቁት አሳፈሯት። ቀሚሷን አራግፋ፣ «ሌላ ቀን እመጣለሁ በላት» ብላ ወገኔን ሸኝታ ተመለሰች። ያ ሌላ ቀን ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናትየዋ ይህን አታውቅም። ወገኔም እንዳይነግራት ምሏል። አሮጊቷ ከአምናው ክረምት ወዲህ ከመደቧ አልተነሣችም፤ ወገኔ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ሲደውል «ልጄ ለምን አትመጣም በላት ትላለች» ይላል። ፋና «ሥራ በዛብኝ በላት» ትላለች። ወደ ዳንግላ እናምጣሽ ቢሏት እንደሆነ አትሰማም። «የአባታችሁ መቃብር ካለበት ወዲያ አልሄድም። ነፍሴ መንገድ ላይ ብትወጣስ? ማን መልሶ ከአጠገቡ ይቀብረኛል?» ትላለች። ብቻ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ ከጓሮዋ ቀፎ የተቆረጠውን ማር በቅል አድርጋ ትልካለች። «ለፋና ነው፣ ለሰው እንዳትሰጥ በላት።»

እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ጨጓራዋን አስቀንሳ የመጣች አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልታስጠብብ ገባች። ፋና ያንን ቀሚስ ራሷ ነበር የሰፋችው፤ አሁን ግማሹን ቆርጣ ጣለችው። ያን ሌሊት ዓይኗን አልከደነችም። ይኸነው ነገሩን ሲሰማ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን የዲከረንስ ዛፍ ደኑን ለከሰል ነጋዴ ሸጠ። «ዛፍ ይበቅላል» አለ። በጥቅምት አዲስ አበባ ወጡ። ዶክተር መሳፍንት የሚባል ሽበታም ሐኪም አያት፣ መዘናት፣ ጉልበቷን ነካካ። «ይሆንሻል» አላት። «ከገና በኋላ እንሠራልሻለን። እስከዚያ እዚያው አገርሽ ተመርመሪና ውጤቱን በቴሌግራም ላኪልኝ።»

ፋና በልቧ ወራት ቆጠረች፤ ጥር ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ መክሳት፣ ለፋሲካ ባይደርስ ለክረምቱ መግቢያ በእግሯ ዳገቱን ወጥታ እናቷ ደጃፍ። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ማማር አልፈለገችም፣ ሚኒባስ ላይ ሁለት ወንበር መያዙም ይቅር፤ ያንን ዳገት ብቻ።

የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒክ ሄደች። ደም የምትቀዳው ዮዲት የምትባል ፈጣን ልጅ ናት፤ ወረፋው እስከ በር ነበር። «ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ» አለቻት ቀና ሳትል።

ፋና ሳቀች። «እህቴ፣ ጾሙ ከገባ ስንት ቀኑ! እኔ እንደሆንኩ አንድም ቀን አልሻርኩ።»

«ጥሩ ነው እንደሱ ከሆነ» አለች ዮዲት። «ቀጣይ!»

በነጋታው ፋና ጾማ ሄደች። የንስሐ አባቷ፣ ጨጓራዋ ስለሚያቃጥላት፣ ጠዋት እንድትቀምስ ከፈቀዱላት ቆይተዋል። ስለዚህ ትኩስ ዳቦ ቆረሰች፤ የእናቷ ማር ትናንት ገና የደረሰ ስለነበር እሱን ጠቅ እያደረገች በላች፤ ሻይዋን አጣፍጣ ጠጣች። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ከዚህ በላይ ምን ጾም አለ? አፏን ተጉመጥምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ባጃጅ ተሳፈረች።

ከቀትር በኋላ ዮዲት ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። «ጾመው ነው አይደል የመጡት?»

«እንዴታ!»

«ስኳርዎ ሁለት መቶ ስድሳ ይላል። በጾም እንዲህ ከሆነ... መታየት አለበት።»

ፋና ክው አለች። ስኳር! ስኳርን ታውቀዋለች። ከሷ ቤት ሦስተኛ በር ላይ የነበሩ ጫማ ሰፊ ሽማግሌ አውራ ጣታቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችባቸው፤ ቀጥሎ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ከጉልበት ተቆረጠ። የሌላውን ሰው ጫማ እየሰፉ ለራሳቸው አንድ ጫማ በቃቸው። «እግሬን ልፈልግ ወጥቼ እግሬን ላጣው ነው» አለች በልቧ። ወደ ቤቷ የወሰዳት ባጃጅ ሲቆም ሾፌሩ «እትዬ፣ ደረስን እኮ» ብሎ ሁለቴ ጠራት።

ለይኸነው አልነገረችውም። እንዴት ትንገረው? ደኑን ከሥሩ ነቅሎ የሸጠላትን ሰው! ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። ሌሊት ውሃ ይጠማታል፣ ትጠጣለች፣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ተመልሳ ይጠማታል። ይሄ ጥማት አዲስ እንዳልሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ ጆክ ሙሉ ውሃ ከራስጌዋ ሳታስቀምጥ ተኝታ እንደማታውቅ ያኔ ትዝ አላት። ወዲያው ሐሳቡን አባረረችው። ሰው የማይፈልገውን እንግዳ በር ላይ ቆሞ ቢያየው እንኳ ቤት የለንም ይላል።

ኔትወርኩ ጠፍቶ ሰነበተና ሲመለስ ውጤቱን ላከች። ዶክተሩ በማግሥቱ ደወለ።

«ፋና፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። እንዲህ ያለ ስኳር ይዘሽ ኦፕራሲዮን አላደርግሽም፤ ቁስሉ አይድንልሽም።»

«እሺ ዶክተር» አለች።

«እስኪ ቆዪ። የዚያን ቀን ጠዋት ምንም አልበላሽም አይደል?»

«የጾም ነው የበላሁት።»

«የጾም ማለት?»

«ዳቦ በማር። ከዚያ ሻይ። ቅባት የሚባል ነገር በአፌ አልዞረም፣ ስሞትልዎ!»

ዶክተር መሳፍንት መጀመሪያ አሳለ፤ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረና ማቆም አቃተው። «ፋና፣ የላቦራቶሪ ጾም እኮ ከማታ ጀምሮ እህል የሚባል ወደ አፍ አለማስገባት ነው!»

«ታዲያ አክፍሎት በሉኛ!» ብላ ጮኸች ፋና። «እኔ ምን ላውቅ! ጾሚ አላችሁኝ፣ ጾምኩ!»

ያን ቀን እንደገና የተወለደች መሰላት። ማርና ዳቦ በልታ ደሟን ብትሰጥ ደሟ ማር ማር ቢል ምን ይገርማል! ማታ ለይኸነው ከነመደበቋ ሁሉንም ነገረችው፤ መጀመሪያ ስለደበቀችው ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔስ አውቄዋለሁ! ያንቺ ደም ምን ይወጣለታል? ማሩ ነው፣ ማሩ!» አለ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ «ጾመሽ ነይ» የሰፈሩ ጨዋታ ሆነ። ፋና ቀሚስ እየሰፋች ታዜም ጀመር። ውሃ ጥማቱን ረሳችው ማለት ይከብዳል፤ ግን አላነሣችውም።

ሁለተኛውን ምርመራ እንደ ቆራቢ ነበር የጠበቀችው። ፀሐይ ከገባች ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም፤ ምራቋን እንኳ ለመዋጥ ሳትፈራ አልቀረችም። ዮዲት በሩ ላይ ተቀብላ «ጥፋቱ የኔም ነው፣ ረጋ ብዬ አላስረዳሁዎትም» አለቻት። ደሙን ስትቀዳ ሁለት ብልቃጥ ሞላች።

«ይሄኛውስ?» አለች ፋና።

«ዶክተሩ ያዘዙት ነው። የሦስት ወር ስኳር ይባላል፤ ባሕር ዳር ልከን ነው የሚሠራው። ይሄ ጠዋት ምን በላህ፣ ምን ጾምክ አይልም። ሦስት ወር ሙሉ ደም ውስጥ የከረመውን ነው የሚናገረው።»

ፋና ያን ሁለተኛ ብልቃጥ ጠላችው። ጉዳዩ እሱ ጋ እንዳለ ልቧ ነገራት።

የመጀመሪያው ውጤት በዚያው ቀን ወጣ። ወርዷል፤ ወርዶ ግን ጤነኛ ሰው ዘንድ አልደረሰም። «እንደው ደንግጬ ይሆናል፣ ድንጋጤም ያወጣዋል ይላሉ» እያለች ራሷን ስታጽናና ቀናት አለፉ። ከዚያ የባሕር ዳሩ መጣ። ዮዲት ወረቀቱን አልሰጠቻትም፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ይሄ ብቻውን በቂ ነበር።

«እውነተኛ ስኳር ነው» አለቻት። «ማሩ አይደለም። ቆይቶብዎታል።»

ዶክተሩም በስልክ አልሳቀም። ኪኒን አዘዘላት። ማር፣ ሻይ፣ ዳቦ፣ ድንች ቀንሺ፤ ጠዋትና ማታ በእግርሽ ሂጂ፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ምርመራ ደግመን ከወረደ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ካልወረደ ደግሞ እንጠብቃለን አላት። «ኦፕራሲዮኑን ሰርዣለሁ አላልኩም» አለ። «አሁን ግን አይሆንም።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ፋና ስልኩን ጭኗ ላይ ጥላ ወደ ማሽኗ ዞረች። ኦፕራሲዮን እንዲሠሩላት ስኳሩ ይውረድ፤ ስኳሩ እንዲወርድ በእግሯ ትሂድ፤ በእግሯ እንድትሄድ ጉልበቷ ይዳን፤ ጉልበቷ እንዲድን ትክሳ፤ እንድትከሳ ኦፕራሲዮን! ክሩን ከየት ይዘህ ትተረትረዋለህ? ስንት የተወሳሰበ ክር የፈታች እጅ ለዚህኛው ጫፍ አጣችለት። «አይ አንቺ!» አለች የገዛ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፤ «እስር ቤቴስ አንቺ ነሽ። ይዘሽኝ ገባሽ፣ አስወጪኝ እንጂ!» እንባዋ ያልተሰፋ ጨርቅ ላይ ወረደ።

ማታ ይኸነው ሊያጽናናት ያልሞከረው የለም። አውርቶ አውርቶ ቀልድ ሲያልቅበት ወደ ተረት ሄደ። «ሦስት ወር ምን አላት? ደግሞስ ምን ያስፈራሻል፣ የወፈረ እስኪከሳ የከሳ ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ምን አለብሽ...»

ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ደረቀ። የከሳው ማን እንደሆነ ሁለቱም በአንዴ አወቁት። ተራራው ላይ፣ መደቧ ላይ፣ አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት አሮጊት አለች።

«እኔ አፈር ልብላ» አለ ይኸነው። «አላሰብኩትም፣ ፋንዬ።»

«ምን አጠፋህ፣ ልክ ነህ» አለች ፋና።

ጾሙ ተፈታ፣ ገና አለፈ። ሌላው ዶሮ ሲበላ ፋና ጎመኗን ይዛ ቀረች፤ የማሩን ቅል ጨርቅ አስራ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ማለዳ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ትወጣና እስከ መናኸሪያው በር ትሄዳለች፤ እዚያ አጥሩን ተደግፋ ታቃስታለች፤ ትመለሳለች። ረዳቶቹ «እትዬ ፋና፣ ባሕር ዳር ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ወደየትም አይደለም። የትም የማትሄድ ሴት በየቀኑ መናኸሪያ ትደርሳለች።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ወገኔ ደወለ። ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። «እቴቴ፣ ነገ ጥሊሊ ድረስ ነይ። እማን ይዘናት እንወርዳለን።»

«ምን ሆነች?»

«ነይ ብቻ» አለና ኔትወርኩ ጠፋ።

ነይ ብቻ! ይሄ አገር ሞትን የሚያረዳው እንዲህ ነው። ፋና ጥቁር ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች፣ መልሳ ከተተች፣ እንደገና አውጥታ ቦርሳዋ ሥር ሸጎጠችው። ይኸነው ጭነቱን ትቶ አብሯት ሄደ። ሚኒባሱ እንጅባራን አልፎ ጥሊሊ እስኪደርስ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም።

ድልድዩ አጠገብ፣ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ይኸነው አስቀመጣት። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ከዳገቱ ላይ ሰዎች ታዩ። በቀርከሃ ቃሬዛ ላይ አንድ ነገር ተሸክመዋል፤ ከላይ ነጭ ጋቢ ተሸፍኗል። ፋና ልትነሣ ሞክራ አቃታት። ሙሾው ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሳለ ጋቢው ተነቃነቀና ከሥሩ የደረቀች ትንሽ እጅ ወጥታ ፀሐይዋን ከለለች።

«አለች! አለች እኮ!» አለ ይኸነው።

ቃሬዛውን ከድንጋዩ አጠገብ በጥንቃቄ አወረዱት። ወገኔ ላቡን እየጠረገ «ሐኪም ቤት ልንወስዳት መስሎን ነበር» አለ። «መንገድ ላይ ነው የነገረችን። ሐኪም አልፈልግም፣ ልጄን አሳዩኝና መልሱኝ አለች። እሷ መምጣት ካቃታት እኔን አድርሱኝ ብላ ተሸካሚውን ሁሉ ለመነች።»

ስሜነሽ ልጇን አየቻት። አገውኛ እንጂ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ ፋናም ከእናቷ ጋር በሌላ አፍ አውርታ አታውቅም። አሮጊቷ እጇን ዘርግታ የፋናን ክንድ ጨበጠች፤ አልሞላላት ሲል በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ በራ።

«ወፍረሽልኛል!» አለች። «ተመስገን! ተመስገን! እኔ እኮ ቸግሯት ነው፣ ከስታ ጠቁራ እንዳላያት ነው የምትሸሸኝ እያልኩ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። ተመስገን፣ ጠግባ ነው ለካ!»

ሦስት ዓመት የተደበቀው ገላ ለእናቷ የምሥራች ሆነላት። ፋና ፊቷን በእናቷ ጋቢ ውስጥ ቀብራ እየዬ ብላ አለቀሰች። «እኔን! እኔን ያስለቅሰኝ፣ የኔ ሙሉ!» ትላለች አሮጊቷ ጀርባዋን እያሻሸች፤ እጇ የጀርባዋን እኩሌታ አይደርስም።

«አሞኛል እማ» አለች ፋና ቀና ብላ። ለዚህ በሽታ በአገውኛ ሌላ ስም አታውቅለትም፤ በአማርኛው ጠራችው። «ስኳር አለብኝ።»

«ስኳር ካለሽማ ምን ጎደለሽ!» አለች እናትየዋ።

ተሸካሚዎቹ ሳቁ፤ ፋናም ከነእንባዋ ሳቀች። አሮጊቷ ከብብቷ ሥር አንዲት ትንሽ ቅል አወጣች። የመጨረሻው ቆረጣ ነው፣ በእጄ ላጎርሳት ብዬ ነው አለች። ክዳኑን ከፈተች፤ ጣቷን ነክራ፣ ማሩ እየተንጠባጠበ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። «አፍሽን ክፈቺ።»

የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም። የሽታው ጣፋጭነት ብቻ የፋናን አፍ ውሃ ሞላው። የሦስት ወሩ ብልቃጥ ትዝ አላት፤ የጫማ ሰፊው እግር ትዝ አላት፤ የእናቷ ጣት አፏ ፊት ይጠብቃል።

«ጾም ላይ ነኝ እማ።»

«የምን ጾም? ገናውም ጥምቀቱም አልፎ! ደግሞ ማር ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሚያስፈታ?»

«የሐኪም ጾም ነው። ማርም አይበላበት።»

«እስከ መቼ ነው?»

«በእግሬ አንቺ ቤት እስክመጣ» አለች ፋና።

ስሜነሽ መጀመሪያ ያበጠውን የልጇን ቁርጭምጭሚት አየች፤ ቀጥላ የወረደችበትን ዳገት አየች። ሦስቱ ዓመታት ያኔ የገቧት ይመስላል። የዘረጋችውን ጣት ወደ ራሷ አፍ መልሳ ላሰችው። ቅሏን በቀስታ ከድና ፋና ጭን ላይ አኖረቻት።

«እንግዲያው አስቀምጪው፤ ስትፈቺ ትበይዋለሽ» አለች። «ማር ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። የምበላሸው እኔ ነኝ።»

ይኸነው በልመና «ቤታችን እንሂድ» አላት፤ አሮጊቷ የባሏን መቃብር ብቻ ጠራች። ሰዎቹ ቃሬዛውን አነሡት። ፋና ድንጋዩን ተደግፋ ተነሣች፤ የቃሬዛውን ጫፍ ይዛ፣ ቅሏን በብብቷ አድርጋ፣ ድልድዩን አብራ ተሻገረች። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቷ እምቢ አላት። እጇን ለቀቀች።

ነጩ ጋቢ ከዛፎቹ ወዲያ እስኪጠፋ ቆማ አየች። ከዚያ ይኸነው «እንሂድ» ቢላት «በእግሬ እስከ ጥሊሊ ልሂድ፣ አንተ ቅደም» አለችው።